ሰብለ ወንጌል ለማን ትንገር?

በደብረ ታቦር «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ ሰው ማግኘት አይከብድም፤ ስለ ልቦለዱ ፍቅረኞች ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ጨርሶ ያልሰማ ማግኘት ግን ይከብዳል። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው፤ ታሪኩም መጽሐፍ ወደማይገባባቸው ቤቶች ዘለቀ። ስለዚህ በዚህች ከተማ በልቦለዱ ላይ ሰው የሚያወያይ ሁሉ ሁለት ዓይነት ታዳሚ ይገጥመዋል፦ የሰሙና ያነበቡ። የሰሙት ብዙ ጊዜ እናቶች ናቸው፣ ያነበቡት ደግሞ ሴት ልጆቻቸው። እናት ጉዱ ካሳን የምታውቀው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ልጂቱ ጋር ያለው ጉዱ ካሳ ራሷ ገጽ እየገለጠች ያበጀችው ነው። ሁለቱ ገና ሲጀምሩ ስለ አንድ ሰው እያወሩ አይደለም።

ልምድ ያለው አወያይ ይህን ልዩነት ሊያጠፋው አይሞክርም። መጀመሪያ አንድ ገጽ፣ ቢበዛ ሁለት፣ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ያደርጋል። ያን ጊዜ የሰማችውም ያነበበችውም በአንድ ቃል ላይ ይገናኛሉ። «እኔ ስሰማው እንዲህ አልነበረም» የምትል እናት ከተገኘች ውይይቱ ከዚያው ይነሣል።

ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቤት ይሁን የትምህርት ቤት ክፍል፣ ወንዱም ሴቱም፣ ታላቁም ታናሹም በተሰበሰበበት «ስለ ሰብለና ስለ በዛብህ ፍቅር ምን ትያለሽ?» ተብላ የተጠየቀች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ «ጥሩ ነው» ብላ ታቀረቅራለች። አስተያየት አጥታ አይደለም። በሰው ፊት ስለ ፍቅር የተናገረች ሴት ስለ ራሷ እንደ ተናገረች ይቆጠርባታል፤ ወሬው ደግሞ ከእሷ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ወንዶቹ ግን ይህ ስጋት የለባቸውምና ሰዓቱን በሙሉ ሲናገሩ ያመሻሉ።

ጥያቄውን ትንሽ ዞር ማድረግ ያስፈልጋል። «ሰብለ ወንጌል ጭንቀቷን ለማን ነገረች?» ብሎ የጠየቀ አወያይ ያቺው ልጅ ቀና ስትል ያያል። ለማን? እናቷ ወይዘሮ ጥሩአይነት አሉ፤ እናት ግን ከአባት ወገን ናት። አገልጋዮች አሉ፤ የጌታ ልጅና አገልጋይ ግን በምን እኩል ይመካከራሉ? ልቧን የሚረዳላት ጉዱ ካሳ ነው፤ እሱም የአባቷ ዘመድ፣ በዕድሜም የገፋ ወንድ። በማዕረግም በዕድሜም የምትስተካከላት፣ ቡና ላይ አብራት የምትቀመጥ ባልንጀራ ስትፈለግ መጽሐፉ ባዶ ነው። ሴት አንባቢዎች ይህን ክፍተት ከወንዶቹ ቀድመው ያዩታል፤ አንዴ ካዩት በኋላም ስለ ፍቅሩ ያላቸው አስተያየት ሁሉ በዚያ በኩል ይወጣል። «ሰው ብታገኝ ኖሮ ያን ያህል አትታመምም ነበር» የምትል ልጅ ስለ ጓደኝነት ብቻ የተናገረች ይመስላል፤ ስለ ፍቅርም ተናግራለች።

ክፍተቱ ደግሞ የደራሲው ጉድለት አይደለም። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ የጠየቀውን ሁሉ «አጥንቱ አይመጥነንም» እያሉ ልጃቸውን ያለ ባል ያስቀሯት ሰው ናቸው። ባልን የከለከላት የዘር ቆጠራ እኩያ ጓደኛንም ይከለክላታል። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ ቤት የገባው ፊደል ሊያስተምራት ነው፤ ሌላ ሰው ያለ ምክንያት ወደዚያ እልፍኝ ሊገባ የሚችልበት መንገድ የለም። ይህን ያስተዋለ አንባቢ ፍቅሩ ለምን እንዲያ እንደበረታ ይገባዋል፤ ለሰብለ በዛብህ ፍቅረኛዋም፣ መምህሯም፣ ብቸኛ ጓደኛዋም ነበር።

የአካባቢው ወንድ አንባቢዎች ውይይቱን ወደ በዛብህ መሳባቸው አይቀርም፤ ምክንያት አላቸው። በዛብህ የአብነት ተማሪ ነው፤ ከተማዋ ያለችበት ደቡብ ጎንደርም የአብነት ትምህርት አገር ነው። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ እዚሁ ናቸው። አኩፋዳ ይዞ ከደጅ ደጅ የለመነ ወንድም ወይም አጎት የሌለበት ቤተሰብ ጥቂት ነው። ሐዲስ ራሳቸው በደብረ ኤልያስና በዲማ የተማሩ በመሆናቸው የተማሪውን ኑሮ ከውስጥ ነው የጻፉት፤ አንባቢውም ያውቀዋል። በዛብህ የስለት ልጅ ሆኖ ሳለ ሴት መውደዱን የሚነቅፉ አሉ፤ «ስለቱ የእናቱ እንጂ የእሱ አይደለም» የሚሉም አሉ። ይህ ክርክር መልካም ነው፤ መቆረጥ የለበትም። ግን አወያዩ ሰዓቱን ካላየ ሰብለ ከራሷ ታሪክ ትወጣለች። «እሷስ ስለ ስለቱ መቼ አወቀች? እኛስ ብንሆን እንነግራት ነበር?» የሚል አንድ ጥያቄ ወደ እሷ ይመልሳቸዋል።

አንዳንዴ ሰው ከልቦለዱ ይወጣና ወደ ከተማዋ ታሪክ ይሄዳል። ደብረ ታቦር የዳግማዊ ራስ ዓሊ መቀመጫ ነበረች፤ ልጃቸው ተዋበች ለካሣ ኃይሉ፣ ለኋላው ቴዎድሮስ፣ የተዳረችው ለፖለቲካ ዕርቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ከአባቷ ይልቅ ከባሏ ጎን ቆመች። ሰብለን ከተዋበች ጋር የሚያስተያዩ አንባቢዎች ጥሩ ነገር ያነሣሉ፤ አንዷ በአባቷ ፈቃድ ተድራ ፍቅርን አገኘች፣ ሌላዋ ፍቅርን አግኝታ የአባቷን ፈቃድ አጣች። ብዙ መቆየት ግን አያስፈልግም፤ ታሪኩ ስለ ነገሥታት መሆን ሲጀምር ልጃገረዶቹ እንደገና ዝም ይላሉ።

ለእነሱ የሚቀርባቸው ሌላ ነው። መጽሐፉ በታተመበት ጊዜ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ዕድሜውን 18 አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ቢሆንም ከጉና ተራራ ሥር ካሉት ቀበሌዎች ለትምህርት ወደ ከተማ የመጣች ልጅ በለጋ ዕድሜዋ የተዳረች የክፍል ጓደኛ ታውቅ ይሆናል። ሰብለ ባል በማጣት ተጎዳች፤ የእነዚህን ልጆች ጓደኞች የወሰደው ግን ባል ነው። አንዲት አንባቢ ይህን ስታነሣ ልቦለዱ ከትናንት ወደ ዛሬ ይሻገራል፤ አወያዩም ቢያንስ ያን ጊዜ ዝም ማለት አለበት።

ከዚህ በኋላ ሌላ መጽሐፍ መጨመር ይረዳል። ሴኔጋላዊቷ ማሪያማ ባ በ1979 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ያሳተመችው ልቦለድ ከዳር እስከ ዳር ለጓደኛ የተጻፈ ረጅም ደብዳቤ ነው። ራማቱላዬ ባሏ ሞቶባት በሐዘን ተቀምጣ ለአይሳቱ ትጽፋለች። ባሏ ከመሞቱ በፊት የገዛ ልጃቸውን የትምህርት ቤት ጓደኛ ሁለተኛ ሚስት አድርጎ አግብቶ ነበር። አይሳቱም ጣውንት መጥታባታለች፤ እሷ ግን ትዳሩን ጥላ ሄዳ ተማረች፣ ሥራ ያዘች፤ ጓደኛዋ በአውቶቡስ ስትንገላታ ሰምታም ፊያት መኪና ገዛችላት። አወያዩ ታሪኩን በአማርኛ በቃሉ ቢተርከው ይበቃል። እናቶች በትዳሯ የቀረችውን ራማቱላዬን፣ ልጆች ጥላ የሄደችውን አይሳቱን ይደግፋሉ ብሎ የሚጠብቅ ሁልጊዜ አይሳካለትም፤ «ሄደች፤ ደግ አደረገች፤ እኔ የምሄድበት ስላልነበረኝ ነው» የምትል እናት ልትነሣ ትችላለች።

መኪናዋም ታከራክራለች። ገንዘብ የጓደኝነት ማስረጃ ይሆናል ወይ? ያገባች ሴት ከጓደኛዋ ስጦታ ስትቀበል ሰው ምን ይላል?

ስብሰባው ሲያልቅ ለሴቶቹ የሚሰጥ አንድ ሥራ አለ፦ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ላለችው ሰብለ ወንጌል የተጻፈ፣ ከጓደኛ የተላከ ደብዳቤ። ስም አይጻፍበትም፤ አወያዩ ሰብስቦ እሱው ያነበዋል፣ የማን እንደሆነም አይጠይቅም። «ሂጂ» የሚሉ አሉ፣ «አባትሽን አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ጠይቂ» የሚሉ አሉ፣ «እኔ ጋ ነይ፣ ጎጆዬ ትበቃናለች» የሚል አለ። ምክሩ ልክ ነው አይደለም ተብሎ አይታረምም። አወያዩ የሚጠይቀው «ይህን እንድትመክሪ ያደረገሽ የትኛው ገጽ ነው?» ብሎ ብቻ ነው፤ መልሱን ይዘው በሚቀጥለው ሳምንት መጽሐፉን ከዚያ ገጽ ይከፍቱታል።