ከክዳን ወደ ቋሚ

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲነሡ ኤክስካቫተር ጭቃ ቤት ሲንድ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። በእጅ የሚፈርስ ቤት ግን ወንበር ስቦ ተቀምጦ የሚታይ ነው። እኔ ያየሁት ሰው የለቀቀው የቆየ ባለ አንድ ፎቅ የጭቃ ቤት ነበር። በግራው ጎረቤት ተጣብቆበታል። በሩ ላይ የታክሲ ወረፋ አለ።

ቀድሞ መብራቱ ከፖሉ ተቆረጠ፣ ውኃው ተዘጋ፣ የመንገዱ ዳር በአጣናና በአሮጌ ቆርቆሮ ታጠረ። ከዚያ አናጺው ቤቱን እየዞረ የቋሚዎቹን እግር በዲጂኖ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረገ። የባሕር ዛፍ ቋሚ ቶሎ የሚበሰብሰው አፈሩና አየሩ በሚገናኙበት፣ ከመሬቱ ልክ ላይ ነው። ሦስቱ ላይ ብረቱ ያለ ድምፅ ገባ። እግሩ የበሰበሰ ግድግዳ ከአናቱ ተይዞ ነው የሚቆመው፤ ያዡ ደግሞ ክዳኑ ነው። ስለዚህ አንድም ሚስማር ሳይነቀል ግድግዳው ከውስጥም ከመንገዱም በኩል በሰያፍ አጣና ተደገፈ። ከየድጋፉ ሥር ጣውላ ተነጠፈ።

ቆርቆሮ ሲመታ ከታች ወደ ላይ ነው፤ የላይኛው የታችኛውን ይደርባል። ሲነሣ ከላይ ይጀመራል። ሚስማሩ የተመታው በሸንተረሩ ጉብታ ላይ ነው፣ ውኃ በሚወርድበት ቦይ አይደለም። ጣሪያው ላይ ያለው ልጅ ጉጠቱን ከማንሣቱ በፊት ከሥሩ ቀጭን እንጨት ያስገባል፤ እንጨቱ ጫናውን ስለሚቀበል ጉብታው አይጎደጉድም። የተነሣው ቆርቆሮ በገመድ ይወርዳል። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ሥራውን ያቆማል፤ ማንም አላዘዛቸውም።

ጭቃው የሚፈርሰው ወደ ውስጥ ነው። መጀመሪያ በጣሳ ውኃ ይረጫል፤ አቧራው እስኪቀመጥ ብቻ። ውኃ የጠጣ ጭቃ ይከብዳል፣ የላይኛው ወለል ደግሞ ክብደት አይችልም። እዚያ የወደቀውን ወዲያው በጆንያ ያወርዱታል። አንዱን ጓል አንሥቼ ሰበርኩት። ውስጡ ያለው ጭድ አሁንም ቢጫ ነው።

ታች አንድ ጎረምሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሚስማር ያቃናል። የጎበጠውን ጉብታውን ወደ ላይ አድርጎ ያስተኛዋል፣ ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ይመታል፣ በጣቶቹ አንከባሎ ያያል። ቀጥ ያለ ሚስማር እየዘለለ አይንከባለልም። የአሮጌ ዕቃ ገበያውን ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ይህን ትዕግሥት በከንቱ አይለውም።

መጨረሻ የቀረው የጎረቤቱ ግድግዳ ነው። የጎረቤቱም ማገር የዚህም ማገር አንድ ቋሚ ላይ ተመትተዋል። መዶሻ እዚህ አልተነሣም። አናጺው የዚህን ቤት ማገሮች አንድ በአንድ ከቋሚው እኩል አድርጎ በመጋዝ ቆረጠ፣ ቋሚውን እንዳለ ተወው። መጋዙ ሲያርፍ ከወዲያኛው ክፍል የቡና ሙቀጫ ይሰማ ነበር።