«ራይድ»፣ «ፈረስ»፣ «ባጃጅ»፦ የንግድ ስም የወል ስም ሲሆን

በአዲስ አበባ ታክሲን በስልክ መተግበሪያ መጥራት ከተለመደ ወዲህ፣ «ራይድ» የአንድ ድርጅት መጠሪያ መሆኑ አልፎ በሰው አፍ የመሰል አገልግሎቶች ሁሉ ስም ሆኗል። ነገሩ አዲስ አይደለም። በብቸናና በሞጣ ባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ «ባጃጅ» ይባላል፤ ቃሉ ግን በ1945 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የሕንድ ኩባንያ ባለቤቶች የቤተሰብ ስም ነው።

«ፈረስ» የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ሌላ ድርጅት ይህን ነባር ቃል ለአገልግሎቱ መጠሪያ አድርጎታል። «በፈረስ መጣሁ» ቢባል የብቸና ገበሬ ኮርቻና ልጓም፣ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ መኪና ይታየዋል። ተርጓሚው ስሙን ያለ ማብራሪያ ቢያሰፍር አንባቢውን ያሳስታል።

«የመተግበሪያ ታክሲ» የሚለውም አይበቃም፤ መኪናው በስልክ ተደውሎም ይጠራልና መሣሪያውን እንጂ አገልግሎቱን አይገልጥም። ተሳፋሪው «ራይድ ጠራሁ» ይላል፤ ስሙ የውጭ ቢሆን ግሱ የራሳችን ነው። ከዚሁ ተነሥተን ለወል ስምነት «የጥሪ ታክሲ» የሚለውን እናቀርባለን።

«ባጃጅ» ግን ሥር ሰድዷል። «ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ» ለደንብና ለመመሪያ ይሁን፤ መዝገበ ቃላት «ባጃጅ»ን ከነምንጩ መዝግቦ ሊቀበለው ይገባል እንላለን።