የወንጀል ክስ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ፦ አንድ የአስተርጓሚዎች መዘርዝር ሲመረመር

ከሴንት ፖል በስተደቡብ የምትገኘው ኢገን፣ ዌስት የተባለው የሕግ መጻሕፍት አሳታሚ ለብዙ ዓመታት የተቀመጠባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1891 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውና የአሜሪካ ጠበቆች ከእጃቸው የማይለዩት የብላክ የሕግ መዝገበ ቃላትም የዚሁ ድርጅት ሥራ ነው። በዚሁ ከተማ ስንኖር፣ የእንግሊዝኛው ቃል ድንበር በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በተከለለበት ሰፈር አማርኛው ያለ አጥር መቅረቱ ሲያሳስበን ቆይቷል። ይህን ሂስ እንድንጽፍ ያነሣሣን በፍርድ ቤት ለሚያስተረጉሙ ወገኖቻችን የታደለ አንድ ባለ ጥቂት ገጽ የቃላት መዘርዝር ነው። አዘጋጆቹን በስም መጥራት አላስፈለገንም፤ ጉድለቱ የእነርሱ ብቻ አይደለምና።

መዘርዝሩ ‘ቻርጅ’ን፣ ‘አኪውዜሽን’ን እና ‘ኢንዳይትመንት’ን ሁሉንም ‘ክስ’ ይላቸዋል። ‘ኮምፕሌይንት’ን ብቻ ለይቶ ‘አቤቱታ’ ብሎታል። የመጀመሪያው ጉድለት ቃል መቆጠብ ነው፤ ሁለተኛው ግን ሰው ይጎዳል።

በሚኒሶታ ሥርዓት ‘ኢንዳይትመንት’ ማለት ከ16 የማያንሱ፣ ከ23 የማይበልጡ ተራ ዜጎች በምስጢር ተሰብስበው፣ ቢያንስ 12ቱ ሲስማሙ የሚያጸድቁት ክስ ነው። የዕድሜ ልክ እስራት በሚያስከትል ወንጀል ያለዚህ ክስ ወደ ፍርድ አይኬድም። በሌላው ጉዳይ ግን ዐቃቤ ሕጉ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀምበት ሰነድ ‘ኮምፕሌይንት’ ይባላል። ይህም የመንግሥት ክስ እንጂ የማንም የግል እሮሮ አይደለም። በአማርኛ ‘አቤቱታ’ ሲባል ግን አገር ቤት ያደገ ሰው የሚሰማው ሌላ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 13 ተበዳዩ ራሱ ካላመለከተ በቀር የማይከሰስባቸውን ወንጀሎች ለይቶ ያስቀምጣልና፣ ‘የግል አቤቱታ’ የሚለው አነጋገር በሕሊናችን ታትሞ ቀርቷል። የግል አቤቱታ ደግሞ በዕርቅ ይነሣል።

እንግዲህ ባለቤቱን መትተሃል ተብሎ የተያዘ አንድ ሰው ‘አቤቱታ ቀርቦብሃል’ ቢባል ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ እመቤቲቱን ‘አቤቱታሽን አንሺ’ ይላታል። እርሷ ግን ያቀረበችው አቤቱታ የለም፤ ከሳሹ መንግሥት ነው፤ እርሷ ብትምር እንኳ ክሱን የማንሣት ሥልጣን የላትም። ይልቁንም ዳኛው ‘ወደ እርሷ እንዳትደርስ’ ብሎ የሚሰጠው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው በኩል መልእክት መላክንም ስለሚከለክል፣ በአገራችን የጨዋነት ምልክት የሆነው ሽምግልና እዚህ ሁለተኛ ክስ ሊወልድ ይችላል። በእኛ አስተያየት ቃሉ ‘የዐቃቤ ሕግ የክስ ማመልከቻ’ ተብሎ ቢመለስ፣ ‘ኢንዳይትመንት’ም ‘የሕዝብ መርማሪ ሸንጎ ያጸደቀው ክስ’ ቢባል፣ ቢረዝምም አያሳስትም።

ከሰነዱ ወደ ሰውዬው እንለፍ። መዘርዝሩ በአንድ ረድፍ ላይ ለ‘አኪውዝድ’ ‘ተከሳሽ/ወንጀለኛ’ ብሎ በእዝባር አስቀምጧል። ይህ ግን ከአሜሪካ የመጣ በሽታ አይደለም። ፈረንሳይኛ ረቂቁን ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያዘጋጁት የ1949 ዓ.ም. ሕጋችን ‘የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ’ ተብሎ ተሰየመ። ይህስ ይሁን፤ ቅጣት የሚገባው ወንጀለኛ ነውና። ነገር ግን በ1954 ዓ.ም. የወጣው፣ ተጠርጣሪ የሚያዝበትን፣ ቃሉን የሚሰጥበትንና በነጻ የሚለቀቅበትን ሥርዓት የሚደነግገው ሕግም ‘የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ’ ተባለ። በነጻ የሚሰናበተው ሰው ሳይቀር በርእሱ ላይ ወንጀለኛ ሆኖ ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የታወጀውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕግ ‘የወንጀል ሕግ’ በመባሉ፣ በሌላው ይዘቱ ላይ ያለን አስተያየት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ስለ ስሙ እናመሰግናለን።

ጀርመኖች በዚህ ረገድ ቀድመውናል። የሥነ ሥርዓት ሕጋቸው በምርመራ ላይ ያለውን ሰው ቤሹልዲግተር፣ ክስ የቀረበበትን አንገሹልዲግተር፣ ፍርድ ቤቱ ዋናው ችሎት እንዲከፈት የወሰነበትን ደግሞ አንገክላግተር ይለዋል፤ እንግሊዝኛን የሚተረጉም ጀርመናዊ ስለዚህ ‘አኪውዝድ’ ሲል ‘በየትኛው ደረጃ ላይ ያለ?’ ብሎ መጠየቅ አለበት። እኛም ብንፈልግ ቃል አላጣንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ስለ ተያዙ ሰዎች፣ አንቀጽ 20 ስለ ተከሰሱ ሰዎች፣ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ስላሉና በፍርድ ስለታሰሩ ሰዎች ለያይቶ ይናገራል። ‘ተጠርጣሪ’ን ከፊታቸው ብንጨምር መሰላሉ ይሟላል። የጎደለው ቃል ሳይሆን ልማድ ነው። በእርግጥ ‘ተከሳሽ’ የሚለው ቃል በገንዘብ የሚሟገተውንም በነፍስ ግድያ የሚጠየቀውንም አንድ አድርጎ የሚጠራ መሆኑ ያስቸግራል፤ ‘በወንጀል የተከሰሰ’ ብሎ መጨመር ግን ማንንም አያደክምም።

ከሁሉ የከበደን ‘ፕሊ’ የሚለው ነው። በአገራችን ችሎት ‘የእምነት ክህደት ቃል’ ይባላል፤ መዘርዝሩም ይህንኑ ወስዷል። ውብ አነጋገር መሆኑን አንክድም። ሆኖም ‘ካደ’ የሚለው ቃል ሃይማኖቱን የተወ፣ ወዳጁን የሸጠ፣ የእጁን ሥራ ዓይኑን አፍጥጦ የሸፈነ ሰው ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው። በዚህ አገር ‘ኖት ጊልቲ’ የሚል ተከሳሽ ግን ‘አላደረግሁም’ ብሎ መማሉ አይደለም፤ ‘መንግሥት ያስረዳብኝ’ ማለቱ ነው። ‘ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?’ የተባለ አዛውንት፣ እጁ መሰንዘሩን ስለሚያውቅ ብቻ፣ ራሱን የተከላከለ ቢሆንም እንኳ ‘መካድስ አልክድም’ ይላል። የ1954ቱ ሕግ አንቀጽ 134 እንኳ እምነት የሚጸናው ተከሳሹ የወንጀሉን ፍሬ ነገሮች ሁሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ሲቀበል ነው ይላል።

ዋጋው ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ የፍርድ ውሳኔው ቢታገድም እንኳ፣ ጥፋተኝነቱን ያመነንና ዳኛው አንዳች ቅጣት ወይም ገደብ የጣለበትን ሰው እንደተፈረደበት ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓዲላ ጉዳይ ጠበቃ ስለ አገር መባረር አደጋ ደንበኛውን የመምከር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ምክሩ ግን የሚደርሰው በአስተርጓሚው አንደበት ነው።

አስተርጓሚ የተባለውን ይመልስ እንጂ የሕግ መምህር አይሁን የሚሉ ይኖራሉ። እኛም በችሎት ይግለጽ፣ ይምከር አላልንም። ‘ጥፋተኛ ነኝ ወይስ ጥፋተኛ አይደለሁም ትላለህ?’ ማለት ማብራሪያ ሳይሆን ከእንግሊዝኛው ጋር ቃል በቃል የሚስማማ ትርጉም ነው፤ ማብራሪያ የጨመረው ‘ትክዳለህ’ ያለው ነው። መዘርዝሩ እንደገና ሲታተም ይህን እንዲያርሙ አዘጋጆቹን እንጠይቃለን። ‘ኮምፕሌይንት’ በሚለው ረድፍ ላይ መስማማት ቢያቅተን እንኳ፣ ‘አቤቱታ’ ተሰርዞ ቦታው ባዶ ይቆይ።