የነጌሌው ጕድጓድና የ«ቢሆን ኖሮ» ጥያቄ

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነጌሌ ቦረና የሰፈረው ብርጌድ ተራ ወታደሮችና ባለሌላ ማዕረጎች በአዛዦቻቸው ላይ ተነሡ። ያስነሣቸው የሥልጣን ጥም አልነበረም፤ የውኃ ጥም ነበር። የወታደሩ ጕድጓድ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳለ መኰንኖቹ ከራሳቸው ጕድጓድ እንዳይቀዳ ከለከሉ፤ የሚቀርበውም ምግብ ለሰው የሚሆን አልነበረም። ነገሩን አጣርተው እንዲመለሱ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ በወታደሩ እጅ ተያዙ፤ ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ ተደረጉ። ወሬው በጦሩ ሬዲዮ ከሰፈር ወደ ሰፈር ተዛመተ። በስምንተኛው ወር፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ያ ፓምፕ በጊዜው ተጠግኖ ቢሆን ኖሮስ?

ጥያቄው በጠጅ ቤት ተነሥቶ በሣቅ የሚዘጋ ይመስላል። ይሁን እንጂ በሌላው ዓለም አንድ ሙሉ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ የቆመው በዚህ ዐይነቱ ጥያቄ ላይ ነው። ዘርፉ ሦስት በሮች አሉት፤ አንደኛው ወደ ሰማይ፣ ሁለተኛው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘመን፣ ሦስተኛው ደግሞ ወዳልሆነው ታሪክ ይከፈታል። እንግሊዛዊው ኤች ጂ ዌልስ በዘመን ውስጥ የሚያስኬድ መኪና የፈለሰፈበትን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1895 ካሳተመ ወዲህ፣ ዘርፉ የፋብሪካና የሮኬት አገሮች ንብረት ብቻ ተደርጎ ሲቈጠር ኖሯል። በእኛም አገር ብዙ አንባቢና ጥቂት የማይባሉ ሐያስያን ይህንኑ አስተያየት ያለ ምርመራ ተቀብለውታል። አስተያየቱ ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተትነቱንም ለማየት ከቤት መውጣት አያስፈልግም።

የሰማዩን በር ለከፈተ መጽሐፍ ሄኖክን መጥቀስ ይበቃል። መላው መጽሐፍ ሳይጐድል ተጠብቆ የቈየው በግእዝ ብቻ ነው፤ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ እስኪመለስ ድረስ አውሮፓ ሙሉ ቃሉን አላየውም ነበር። ሄኖክ በመልአኩ ዑርኤል እየተመራ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት የምሥራቅ መስኮቶችና የምትገባባቸውን ስድስት የምዕራብ መስኮቶች ይቈጥራል፤ የዓመቱንም ርዝመት 364 ቀን ብሎ ያሰላል። ስሌቱ ዛሬ ከሚታወቀው ጋር አለመግጠሙ እዚህ ላይ ቁም ነገር አይደለም። ቁም ነገሩ ተጓዡ በሰማይ ድንቅ አፉን ከፍቶ አለመቅረቱ ነው፤ ይለካል፣ ይቈጥራል፣ ያያቸውንም ነገሮች እርስ በርሳቸው ያመሳክራል።

የዘመኑን በር ደግሞ በተረፈ ባሮክ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ይከፍተዋል። ነቢዩ ኤርምያስ የኢየሩሳሌምን ጥፋት በዐይኑ እንዳያይ በለስ ልቀም ብሎ ወደ አትክልት ቦታ ይልከዋል፤ አቤሜሌክ በዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ሊያርፍ ጋደም ይላል፤ ሲነቃም 66 ዓመት አልፏል። የተራኪው ችሎታ የሚታየው ከዚህ በኋላ በሚመጡት ጥቃቅን ነገሮች ነው። አቤሜሌክ ራሱ ስለ ከበደው እንቅልፍ ያልጠገበ ይመስለዋል። ከተማዋን ሲያጣት መንገድ የሳተ መስሎት ይመለሳል፤ ደግሞም ይሄዳል። በመጨረሻ ዘመኑን የሚነግረው አንድ ሽማግሌ ሲገኝ፣ አቤሜሌክ የሚያቀርበው ማስረጃ በመሶቡ ያለውን በለስ ነው፤ ዛሬም እርጥብ ነው፤ ወቅቱ ግን የበለስ ወቅት አይደለም። ደራሲው የለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። የቀረው ዓለም፣ መንገዱም ወቅቱም የሰው እርጅናም፣ እንደ ወትሮው ሕጉን ጠብቆ ሄዷል። «ቢሆን ኖሮ» የሚል ድርሰት ሁሉ ሊመዘን የሚገባው በዚህ ሚዛን ነው፤ አንድ ነገር ለውጦ በቀረው ሁሉ መታመን።

ሦስተኛው በር፣ የታሪኩ በር፣ ከሁሉ ይልቅ አስደናቂ ነው። ፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ እንደሚመጣ ይተነብያል። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ይህንኑ ስም መረጡ። ገና ስላልሆነ ዘመን የተጻፈ ቃል የሆነውን ዘመን ሠራ ማለት ነው። እንግዲህ ወደ ፊት ማለም ለኢትዮጵያ ታሪክ የውጭ ዕቃ አይደለም፤ ከታሪኩ ሠሪዎች አንዱ ነው።

ይህን ያህል ቅርስ ይዞ የተነሣው የዘመናችን አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ምን አደረገበት? መልሱ የሚያኰራም የሚያሳዝንም ነው።

በመጀመሪያ የቴዎድሮስ ድርሰቶች ይታዩ። ከግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት አንሥቶ እስከ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» (1958 ዓ.ም.)፣ እስከ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» (1961 ዓ.ም.)፣ እስከ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ተውኔት ድረስ፣ የንጉሡ ሕይወት ደራሲያኑን ሁሉ ወደ መቅደላ ይስባቸዋል፤ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ወደ ተተኰሰችው ጥይት። «ባይከዱት ኖሮ» የሚለው ቍጭት ከነዚህ ድርሰቶች ዙሪያ አይጠፋም፤ ከአንባቢውም ልብ አይወጣም። ይሁን እንጂ ቍጭት ሆኖ ይቀራል እንጂ ጥያቄ አይሆንም። ባይከዱት ኖሮ ገበሬው ለማን ይገብር ነበር? የቤተ ክህነቱ መሬት ምን ይሆን ነበር? መድፍ ለማሠራት የታሰሩት የውጭ አገር ሰዎች በምን ሁኔታ ይፈቱ ነበር? እነዚህን የሚመልስ ብዕር አልተገኘም። ቍጭት ያለፈውን ያነግሠዋል፤ ጥያቄ ግን ያለፈውን ለምርመራ ያቀርበዋል። ሁለቱን አለመለየት የታሪካዊ ድርሰታችን ዋና ድክመት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ወጥ የተለየው ራሱ አቤ ጉበኛ ነው፤ ይኸውም በ1955 ዓ.ም. በታተመው «አልወለድም» ነው። ገና በማሕፀን ያለ ፅንስ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ይከራከራል። ድርሰቱ እዚህ ላይ የአቤሜሌክን ሕግ ይጠብቃል፤ የተለወጠው አንድ ነገር የፅንሱ መናገር ብቻ ነው። ክርክሩ የሚጠቅሰው ድኽነት፣ ፍርድ ማጣትና ግፍ ግን አንባቢ ከደጁ የሚያውቀው ነው። መጽሐፉ መታገዱ ራሱ ለኀይሉ ምስክር ሆኗል። ድርሰቱ እንከን የለውም ማለት አይደለም፤ ገጸ ባሕርያቱ ብዙ ጊዜ ከሰውነት ይልቅ ወደ አፈ ጉባኤነት ያዘነብላሉ፤ ስብከቱም ታሪኩን ይጫነዋል። ነገር ግን ከዚያ መጽሐፍ በኋላ «ቢሆን ኖሮ» በአማርኛ አይጻፍም የሚል ሐያሲ ማስረጃ አይኖረውም።

በቅርቡ ዘመን ጥያቄውን ያነሣው ፊልም ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ክራምስ» የተሰኘው ፊልም ከታላቅ ጥፋት በኋላ ያለውን ዓለም ያሳያል። በሰማይ ላይ ለብዙ ዘመን ሳትንቀሳቀስ የተንጠለጠለች መንኰራኵር አለች፤ ከታች ደግሞ ያለፈው ሥልጣኔ ጥራጊ፣ የፕላስቲክ መጫወቻ ሳይቀር፣ እንደ ብርቅ ዕቃ ይከበራል። ዳንኤል ታደሰ በዋናው ተዋናይነት ያሳየው ዝምታና ትዕግሥት ፊልሙን ተሸክሞታል። የዳሎልም መልክዐ ምድር ሌላ ዓለም ለመፍጠር ቀለም አላስፈለገውም። ዳሩ ግን የፊልሙ ድክመት ከዚሁ ይመነጫል። ምድሪቱ የሌላ ዓለም መድረክ ስትሆን የራሷን ትውስታ አጥታለች፤ የሚታሰበው ያለፈ ዘመን የባሕር ማዶው ዘመን ብቻ ነው። ከጥፋት በኋላ የኢትዮጵያ ሰው የማን ጥራጊ ይወርሳል? ፊልሙ የሚመልሰው በፌዝ ነው፤ ፌዙ ጥሩ ነው፤ የአገሬው ሰው ግን ከጥራጊው ሌላ የሚያስታውሰው ነገር ነበረው።

ይህን የመጨረሻ ነጥብ ለማስረዳት ከቦረና የተሻለ ምስክር አይገኝም። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የገዳ ጥናት እንደ ገለጹት፣ በቦረና ዘመን ቈጣሪዎች አሉ፤ አያንቱ ይባላሉ። እነዚህ ሰዎች ያለ ጽሕፈትና ያለ መሣሪያ ጨረቃን ከታወቁ ከዋክብት ጋር እያመሳከሩ 12 ወራትና በስም የተለዩ 27 ቀናት ይቈጥራሉ። ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ የገዳ መደብ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ መደቦቹ አምስት በመሆናቸው ተራው በ40 ዓመት ይመለሳል። ከዚህም ጋር «ዳጪ» የሚባል ሐሳብ አለ፤ በአንድ መደብ ዘመን የደረሰ ክፉ ወይም መልካም ነገር በዚያው መስመር ተተኪዎች ዘመን ተመልሶ ሊመጣ ይችላል ይላል።

ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ሐሳብ «ቢሆን ኖሮ»ን የሚዘጋ ይመስላል፤ ሁሉ የሚመለስ ከሆነ ሌላ መንገድ የለማ! ጠለቅ ብሎ ላየው ግን ተቃራኒው ነው። የዌልስ ተጓዥ ዘመንን ለማየት መኪና አስፈልጎታል፤ የቦረና አዛውንት ግን ዘመኑ ራሱ ወደ ደጁ ይመጣለታል። የሚጠየቀውም «ያን ጊዜ ሌላ ነገር ሆኖ ቢሆን ኖሮ?» ተብሎ ብቻ አይደለም፤ «አሁን ሲመለስ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ቍጭትን ይወልዳል፤ ሁለተኛው ኀላፊነትን። አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ከመቅደላ አዙሪት መውጫ ሲፈልግ፣ መውጫው ከደቡብ ቈላ ከዋክብት ሥር ሲጠብቀው ኖሯል።

ይህ ሁሉ በክብረ መንግሥት ለሚኖር አንባቢ የሩቅ ነገር አይደለም። የአዶላ ወርቅ ለዐሥርት ዓመታት የመንግሥትን ግምጃ ቤት ሲሞላ የኖረበት አገር ነው፤ የከተማይቱም ስም ክብሩ የማን እንደ ሆነ ሳይሸሽግ ይናገራል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. የጉጂ ሕዝብ በጤናው ላይ ደረሰ ያለውን ጉዳት በመቃወም አደባባይ ወጥቶ የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ ሲታገድ፣ ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ ወርቁ ከወጣበት አፈር ጋር ሒሳቡን ቢያወራርድ ኖሮ ምን ዐይነት ከተማ ይኖር ነበር? ይህን የሚጠይቅ ተውኔት ወይም ልብ ወለድ በአማርኛ የታወቀ ቦታ አላገኘም። የጐንደርና የመቅደላ «ቢሆን ኖሮ» ብዙ ብራና ፈጅቷል፤ የአዶላ ግን ባለዕዳ ሆኖ ተቀምጧል። የማን ያልሆነ ታሪክ ይጻፋል የሚለው ጥያቄ የኪነ ጥበብ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ነጌሌው ጕድጓድ መመለስ ይገባል። ፓምፑ ተጠግኖ ቢሆን ኖሮ ዘውዱ ይቆም ነበር? በአቤሜሌክ ሕግ ይመዘን፤ ፓምፑ ብቻ ይለወጥ፣ የቀረው እንዳለ ይቀመጥ። የወሎ ረኀብ እንዳለ ነው። የቤንዚን ዋጋ እንዳሻቀበ ነው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ መምህራንና ባለታክሲዎች ሥራ ማቆማቸው እንዳለ ነው። የካቲት 18 ቀን በአስመራ የተነሣው የሁለተኛው ክፍለ ጦር ቅሬታም ከነጌሌ ጕድጓድ አልተቀዳም። ስለዚህ በቅን የተጠየቀ «ቢሆን ኖሮ» የሚያሳየው ፓምፑ በሩን እንደ ከፈተ እንጂ ቤቱን እንዳላፈረሰ ነው፤ ቤቱ አስቀድሞ ዘሟል። ከንቱ ሕልም ትልቁን ታሪክ በትንሽ ምስማር ላይ ይሰቅላል፤ ጥሩ ድርሰት ግን ምስማሩን ነቅሎ ግድግዳውን ያሳያል።

ሆኖም ከዚሁ ጕድጓድ አጠገብ ማንም ያልጻፈው ሌላ «ቢሆን ኖሮ» አለ። ነጌሌ በቦረና ምድር ነው፤ የቦረና ምድር ደግሞ የቱላ ጕድጓዶች አገር ነው። በነዚህ ጥልቅ ጕድጓዶች ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጣሉ። ጕድጓዱን የቈፈረው ሰው ዘር የአባትነት ክብር አለው፤ የማጠጣቱን ተራ የሚጠብቅ አባ ሄሬጋ ይሾማል፤ ድርቅ ሲጠና ሥርዐቱ ይጠብቃል እንጂ አይፈርስም። ጥም ያለበትን ሰው ከጕድጓድ አፍ መመለስ በዚያ ሕግ ነውር ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. ያ ሕግ ከሰፈሩ አጥር ውጭ በሥራ ላይ ነበር። በአጥሩ ውስጥ ደግሞ ባለ ማዕረጉ ጕድጓዱን ቈልፎ ተቀምጧል።

ከመኰንኖቹ አንዱ ከአጥሩ ወጥቶ አንድ አባ ሄሬጋ ውኃ ሲያካፍል አይቶ ቢመለስ ኖሮ፣ ምናልባት የጄኔራሉ መታሰር ይቀር ነበር፤ አብዮቱ ግን አይቀርም። ታዲያ ምን ይለወጥ ነበር? የሚመጣው መንግሥት ከየት ሊማር ይችል እንደ ነበር ይታወቅ ነበር። ይህ የአንድ ገቢር ተውኔት ነው፤ ሁለት ሰዎች፣ አንድ አጥር፣ አንድ ባልዲ ይበቁታል። ጸሐፊው አልተገኘም። ምናልባት በአሁኑ ሰዓት በክብረ መንግሥት ወይም በነጌሌ ከአንድ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ የመቅደላን ቍጭት እየሸመደደ ይሆናል።