ስለ ጃፓን የእንጉዳይ ሥዕሎች

የጃፓን የእንጨት ኅትመት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የተራራና የማዕበል ሥዕሎችን ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ስለ እንጉዳይ ሥዕሎች ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

ሐኪምና ሠዓሊ የነበረው ሳካሞቶ ኮኔን «ኪንፑ» የተባለውን መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1835 ዓ.ም. ሲያሳትም የሚበላውን እንጉዳይ ከመርዘኛው ለይቶ አቀረበ። እንግዲህ ሥራው ዓይንን ከማስደሰት በላይ ሕይወትን ለመጠበቅ የታሰበ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያሉትን ሥዕሎች ስለ ውበታቸው ብቻ የሚያመሰግን ሰው ግማሹን ቁም ነገር ትቶታል እንላለን።

በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ መስመራቸው የሚመሰገን ነው። በእንጨት ላይ የሚቀርጽ እጅ ሊያመነታ አይችልምና የጃንጥላው ጠርዝና የግንዱ ቅርጽ ጥርት ብለው ይታያሉ። ቀለሙ ግን ያጠራጥረናል። በብሩሽ ቢቀባም ሆነ በእንጨት ቢታተም የሚሠራው በእጅ ስለሆነ አንዱ ቅጂ ይደምቃል፤ ሌላው ይፈዛል። ይህ ለአበባ ሥዕል ጉዳት የለውም፤ ለእንጉዳይ ግን ያሳስታል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ምልክቱ ከውስጥ ሲሆን ነው። በጃፓን «ፁኪዮታኬ» የሚባለው መርዘኛ እንጉዳይ የሚበላውን ሺታኬ ይመስላል፤ ግንዱ ሲሰነጠቅ ግን ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ጠቆር ያለ ነጥብ ይገኛል። የውጭ መልኩን ብቻ የሚያሳይ ሥዕል፣ ምንም ቢያምር፣ ይህን ሊነግረን አይችልም።

ስለዚህ የእንጉዳይ ሠዓሊ ከሙሉው መልክ ጎን የተሰነጠቀውንም ቢሥል መልካም ነው እንላለን። እንዲያም ሆኖ ሥዕል ዓይንን ያስተምራል እንጂ ለሚበላ ሰው ዋስ አይሆንም።