የጉሊቷ ሴት ቆማ ስትታይ

ከቤተ ክርስቲያናችን በር ወጥታችሁ ወደ ባጃጅ ተራው ስታመሩ፣ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ በቆሎ የምትጠብሰውን ሴት አስቧት። እናንተ ቆማችኋል፤ እሷ መሬት ላይ ናት። ዋጋ የምትጠይቋት ከላይ ሆናችሁ ነው፤ የምትመልስላችሁ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ከጭሱ የተነሣ ዓይኗን ጨፈን እያደረገች ነው። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም። ጉሊት እንዲሁ ነው፤ ሻጭ ይቀመጣል፣ ገዢ ይቆማል። ይሁን እንጂ አንድን ሰው ዕድሜ ልካችሁን ከላይ ወደ ታች ብቻ ስታዩት ልባችሁም ያንኑ አስተያየት ይለምዳል። ያዕቆብ በመልእክቱ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በመልካሙ ስፍራ፣ ድኻውን ከእግር መረገጫ በታች ስለሚያስቀምጥ ጉባኤ ሲቆጣ፣ የተመለከተው ማን የት እንደ ተቀመጠ ነበር።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ይህን አቀማመጥ በቀለም ስለ ገለበጡ አንድ ሠዓሊ ነው።

ታደሰ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1953 ወልድያ ተወለዱ። አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ቀጥሎም በሌኒንግራድ፣ በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ በሬፒን ስም በሚጠራው ተቋም ሠልጥነው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያም በተማሩበት ትምህርት ቤት ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ አስተማሩ። «የሕይወት ምሰሶዎች» ብለው የሰየሟቸው የዘይት ቀለም ሥዕሎቻቸው ለንደን ድረስ ሄደው ታይተዋል። በሥዕሎቹ ውስጥ ያሉት ግን ሽንኩርትና ቲማቲም ደርድረው በመንገድ ዳር የሚውሉት፣ እኛ በየቀኑ የምናልፋቸው ሴቶች ናቸው።

እነዚህ ሴቶች በሥዕሉ ላይ ቆመዋል። የሸራው ቁመት በእነሱ ቁመት ተሞልቷል። አንገታቸው ረዘም ያለ ነው፤ ትከሻቸው አልጎበጠም፤ ራሳቸው በሻሽ ታስሯል። ከኋላቸው ሱቅ የለም፣ ታክሲ የለም፣ የገበያው ትርምስ የለም። ጀርባው እንደ ማለዳ ጭጋግ የደበዘዘ የቀለም መስክ ነው። ራቅ ብለው ሌሎች ሴቶች አነስ አነስ ብለው ይታያሉ፤ እነሱም ቆመዋል። ልብሳቸው በሰፋፊ የቀለም ቁራጮች የተሠራ በመሆኑ አንዱ ጨርቅ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አንዳንዴ አይለይም። ተመልካቹ ከፊታቸው ሲቆም እንደ ገዢ ወደ ታች ማየት አይችልም፤ ቀና ማለት ግድ ይሆንበታል።

ይህን አቋቋም ከየት አመጡት? እንደ እኔ አስተያየት መልሱ ሩቅ አይደለም። የአገራችን የጥንት ሠዓሊዎች በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ሰውን ሲስሉ ፊት ለፊት አቁመው፣ ዓይኑን አጉልተው፣ ጀርባውን በአንድ ቀለም ሞልተው ነበር። ያ አቋቋም የቅዱሳንና የነገሥታት ነበር። ታደሰ ያንኑ ክብር ወስደው ለሽንኩርት ሻጭ ሰጡት። እኛ ወንጌላውያን ግድግዳችን ባዶ ስለሆነ ይህን ቋንቋ ለማንበብ ትንሽ እንቸገራለን፤ ቢሆንም ሐሳቡ ለእኛ ባዕድ ሊሆን አይገባም።

ስያሜውንም ልብ በሉት። በጎጆ ቤት ምሰሶው መሀል ላይ ቆሞ ጣራውን ይሸከማል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ማንም «ምሰሶውን እዩልኝ» አይልም። በእኛ ቤት «እገሌ የቤተ ክርስቲያናችን ምሰሶ ነው» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በፊተኛው ወንበር የሚቀመጥ፣ ድምፁ የሚሰማ ወንድ ነው። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍም አዕማድ መስለው ስለሚታዩት ሲናገር ስማቸውን የጠራቸው ያዕቆብን፣ ኬፋንና ዮሐንስን ነው። ሠዓሊው ይህን ስም ለማን እንደ ሰጡት ሳስብ፣ ከእሑድ አምልኮ በፊት አዳራሹን ጠርገው የሚወጡት እናቶቻችን ይታዩኛል።

አሁን ደግሞ ቅሬታዬን ልናገር፤ ምስጋና ብቻ የሞላበት ጽሑፍ ለሠዓሊውም ለአንባቢውም አይጠቅምም። እነዚህን ሥዕሎች አብዛኞቹን ያየሁት በኅትመትና በስልክ መስታወት ላይ ነው። ይህ ራሱ ጉድለት ነው፤ ከቁመታችሁ የሚበልጥ ሥዕል በመዳፋችሁ ላይ ሲታይ ዋናው ነገሩ ይጠፋል። ሆኖም ደጋግሜ ባየኋቸው ቁጥር አንድ ነገር ይጎድለኛል፤ ሸክሙ። ሴቶቹ ያምራሉ፣ የተከበሩ ናቸው፣ ግን ብዙ ጊዜ እግራቸው በጭጋጉ ውስጥ ይሟሟና የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ምሰሶን ምሰሶ የሚያሰኘው ደግሞ ክብደት መሸከሙ ነው። ከንጋት ጀምራ ጭነት ተሸክማ የመጣች ሴት ወገቧን እንደሚያማት ሥዕሉ አይነግረኝም። ክብር ለመስጠት ሲባል ድካምን ማጥፋት ያስፈልጋል ወይ? ጌታ እንኳ ከትንሣኤ በኋላ በደቀ መዛሙርቱ ፊት ሲቆም የችንካሩን ምልክት አልደበቀም።

የታደሰ መምህር ከነበሩት አንዱ ከቁስል አልሸሸም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር የተወለደ፣ ጀርመን ኮሎኝ የተማረ፣ ባለቅኔም ሠዓሊም ነበር፤ በ1981 በስደት አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። አባቱ የቤተ ክህነት ሰው፣ አለቃ ደስታ ነገዎ ነበሩ። በ1963 የሠራው «ጎልጎታ» በአገራችን ስቅለትን በተመለከተ ከተሠሩት ዘመናዊ ሥዕሎች ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ነው። የለመድነው የተረጋጋ ስቅለት አይደለም፤ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ቀዩ ነው። ስለ ደሙ የምንዘምር ሰዎች ነንና ከዚህ ሥዕል ፊት ብንቆም የምንዘምረውን ቃል እንደገና እናስብ ይሆናል። እንግዲህ መምህሩ ቁስሉን አሳየ፤ ተማሪው ክብሩን አሳዩ። ሁለቱን በአንድ ሸራ ላይ የሚያገናኝ ቢመጣ ደስ ይለኛል።

መምህርና ተማሪ ካልሁ ዘንድ ይህን ሰንሰለት ትንሽ ልከተለው። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዚያ ገብረ ክርስቶስ አስተማረ፤ ከእሱ ታደሰ ተማሩ። ታደሰ ካስተማሯቸው መካከል ተስፋዬ ኡርጌሳ ይገኝበታል። እሱም ወደ ጀርመን ሄዶ ትምህርቱን ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድንኳን ስትከፍት አገሩን ወክሎ ሥዕሎቹን ያሳየው እሱ ነው። የተስፋዬ ሰዎች ሥጋቸው የተጣመመ፣ የተቆራረጠ፣ የተጨናነቀ ነው፤ የመምህሩን ጭጋግ በውስጡ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ጥሩ መምህር የራሱን ቅጂ አያወጣም ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ይህ አይሆንም የሚል ካለ ደግሞ ቢሾፍቱን ያስታውስ፤ በፍየል ቆዳ ላይ በመሳል የታወቁት ለማ ጉያ እ.ኤ.አ. በ2020 እስኪያርፉ ድረስ ስማቸው ከዚያች ከተማ ጋር ነበር።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል? የተቀረጸ ምስል አታድርግ ተብሏል» የሚል ወንድም እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያ ስል አድጌያለሁ። ትእዛዙ ያለው በዘጸአት 20 ነው፤ የሚከለክለውም ሠርቶ መስገድን ነው። ነገር ግን መጽሐፉን እዚያ ላይ አትዝጉት። በዚያው መጽሐፍ መቅረዙ የለውዝ አበባ እንዲኖረው፣ የካህኑ ልብስ ዘርፍ ሮማን እንዲኖረው ታዝዟል። ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተሞላ የተነገረለት ለስብከት ሳይሆን ለእጅ ሥራ ነው። እኔን ደግሞ ዘወትር የሚያስገርመኝ በምዕራፍ 35 መጨረሻ ላይ ያለው ነው፤ ለእሱና ለኤልያብ የማስተማር ነገር በልባቸው ተደርጎላቸዋል። ጸጋው ለብቻ እንዲቀመጥ አልተሰጠም። በእኛ ኅብረቶች ግን መሳል የሚችል ልጅ ሲገኝ ምን እናደርገዋለን? ለጉባኤ ባነር ያዘጋጃል፣ በግድግዳው ላይ ጥቅስ ይጽፋል፣ ለሰንበት ትምህርት ኖኅንና ዝሆኖቹን ይስላል። ሁሉም መልካም ነው፤ ግን ድምፅ ያላትን እህት የመዘምራን አስተማሪ እንፈልግላታለን፤ እጅ ያለውን ወንድም «ጎበዝ» ብለን እናልፈዋለን። ከእነሱ አንዳንዶቹ ዝም ብለው መሳል እንዳቆሙ አይቻለሁ።

ለዚህ ነው ዘንድሮ በእኛ ግቢ፣ በአዳራሹ በረንዳ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የተጀመረው የሥዕል ትምህርት ያስደሰተኝ። አስተማሪው በሙያው የተማረ የከተማችን ሰው ነው፤ ስሜን አታንሡ ስላለ አላነሣም። ሸራ ውድ ስለሆነ አቡጀዴ በእንጨት ላይ ወጥሮ፣ በኮላና በነጭ ቀለም ቀብቶ ያመጣል። ይህ ቅብ ከሌለ ዘይቱ ጨርቁን ቀስ በቀስ ይበላዋል። የዘይት ቀለም ዋናው ነገሩ ተልባ መሆኑን የሰማነው ያን ቀን ነው፤ ተበጥብጦ የምንጠጣው ያው ተልባ ዘይቱ ተጨምቆ፣ ተጣርቶ ከቀለም ዱቄት ጋር ይለወሳል። የሚደርቀውም እንደ ውኃ ተንኖ ሳይሆን ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ ስለዚህ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። መጀመሪያ የሚቀባው ቀጠን ያለ፣ ከላይ የሚደረበው ዘይቱ የበዛ መሆን አለበት፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ የላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከቃሉ አገልግሎት ጋር ለማመሳሰል ሁለት ሦስት ሰባኪዎቻችን አጋጣሚውን እንደማያልፉት እርግጠኛ ነኝ፤ እኔ ግን ለእነሱ ልተውላቸው።

አስተማሪው ከማብራራት ይልቅ ሠርቶ ማሳየት ይቀናዋል። በሦስተኛው ቅዳሜ በቆሎ ጠባሿን ለምኖ አስመጣት። «ገበያዬ ይቀርብኛል» አለች፤ የግማሽ ቀኗን ከፈላትና ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ያህል ፊቷን ሠራ። እኛ ጨርሷል ብለን ስናጨበጭብ ራቅ ብሎ አየውና፣ ቢላዋውን አንሥቶ ከግንባሯ እስከ አገጯ ጠረገው። ከመካከላችን አንዷ ጮኸች። «ዓይኗ የእሷ አይደለም፤ የለመድኩትን ዓይን ነው የሳልኩት» አለና እንደገና ጀመረ። ይህን በስልክ ቪዲዮ አታዩትም፤ እዚያ የሚቀረው የተሳካው ብቻ ነው። ሃያ ወጣቶች ፊት ሥራውን ያፈረሰ ሰው ማየት ለእኔ ከብዙ ትምህርት በልጦብኛል። ምናልባት ሥራ የሚያርመውን ሰው ከማይሳሳት ሰው ይበልጥ ማመን ስለሚቀለኝ ይሆናል።

ሁለተኛው ፊት ሲያልቅ እሷ ራሷ መጥታ አየችው። ረዘም ብላ፣ ቀጥ ብላ፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወርዶ ተስላለች፤ የታደሰ ተጽዕኖ ግልጽ ነበር። ዝም ብላ ቆየችና «ቆንጆ ነው» አለች። ከዚያም ጎንበስ ብላ የሥዕሉን ታችኛ ጫፍ አየች። «ምድጃዬስ የታለ? በቆሎዬስ? እንዲህ ባዶ እጄን ቆሜ ማን ይገዛኛል?»

ሁላችንም ሳቅን፤ አስተማሪው ግን አልሳቀም። እኔ ከላይ በብዙ መስመር ያልኩትን ቅሬታ እሷ በሦስት ጥያቄ ጨረሰችው። ያለ ምድጃዋ ብትቆም ሌላ ሰው ናት። የያዘችውን ከእሷ ነጥለን ማክበራችን፣ ሥራዋን ከክብሯ በታች እንደምናየው ይናገራል። ከታደሰ ሥዕሎች ፊት ይህች ሴት ብትቆም ምን ትል እንደነበር እያሰብሁ ነው የሰነበትሁት። ቀና ብላ ባየቻቸው ጊዜ ደስ እንደሚላት አልጠራጠርም፤ ቀጥላ ግን ቅርጫቱን ትጠይቅ ነበር።

አስተማሪው በሚቀጥለው ቅዳሜ ምድጃውን ጨመረ፤ ፍሙንም አልረሳም። ከበታች የመጣው ብርሃን አገጯን አቀላው፤ ፊቷም ሦስተኛ ጊዜ ተለወጠ። ጥሩ ሥዕል ይሁን አይሁን ገና አልወሰንሁም፤ ነጠላው ላይ ያለው ነጭ ይበዛብኛል፤ ግራ እጇም ገና ጓንት ያጠለቀች ይመስላል። እናንተ እዩትና ንገሩኝ። መዘምራኑ የድምፅ ማጉያ በሚያስቀምጡበት ክፍል ግድግዳ ተደግፎ ይገኛል። እስካሁን ስላልደረቀ ስትገቡ ልብሳችሁን ጠብቁ።