በሩን ማን ከፈተው?

ልብ ወለድ ያነበበ ሁሉ ሃያሲ ነኝ አይልም፤ ኳስ ያየ ሁሉ ግን አሰልጣኝ ነው። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም። የደጋፊዎች ሙግት በእኔ እምነት ራሱን የቻለ ሂስ ነው። አንድ ሥራ ይቀርብላቸዋል፤ ይመረምሩታል፤ ያማረውን ያደንቃሉ፤ የተበላሸውን ይነቅፋሉ። ሂስ ከሆነ ዘንድ ታዲያ እርሱም በተራው መመዘን አለበት። ሃያሲው ምን አይቶ ምን ሳተ? ፍርዱን የሰጠው ሥራውን ከዳር እስከ ዳር መርምሮ ነው ወይስ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ገልጦ?

ለዚህ ምዘና የመረጥሁት በጀርመን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን የተከላካይ መስመርና በአሰልጣኞቹ ዙሪያ ሲካሄድ የቆየውን ክርክር ነው። ቡድኑ ተራ ቡድን አይደለም፤ ሁለት ጊዜ የዓለም፣ ስምንት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። በ2007 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቻይና ላይ የዓለም ዋንጫን ያነሣው በስድስት ጨዋታ አንድም ግብ ሳይቆጠርበት ነበር። በፍፃሜው የብራዚሏ ማርታ የመታችውን ፍፁም ቅጣት ምት እንኳ ግብ ጠባቂዋ ናዲን አንገረር መልሳዋለች። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ቤት ጓሮው ክፍት ሆኖ ሲገኝ፣ ደጋፊው «በሩን ማን ከፈተው?» ብሎ መጠየቁ የማይቀር ነው።

ነገሩን ከ2022 እንጀምር። በዚያ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ በማርቲና ፎስ-ቴክለንቡርግ የሚሠለጥነው ቡድን እስከ ፍፃሜው ድረስ አምስት ጨዋታ ሲያደርግ የተቆጠረበት አንድ ግብ ብቻ ነበር፤ እርሱም በግማሽ ፍፃሜው ከፈረንሳይ ጋር ሲጫወት ከግቡ ብረት ተመልሶ በራሱ ግብ ጠባቂ ተገጭቶ የገባ ነው። ዌምብሌይ ላይ 87,192 ተመልካች በተገኘበት ፍፃሜ በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ተሸነፈ። ቢሸነፍም ስለ ተከላካዮቹ ክፉ የተናገረ እምብዛም አልነበረም።

አንድ ዓመት አለፈ። ለ2023ቱ የዓለም ዋንጫ መዘጋጃ በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ፣ በዓለም የደረጃ ሰንጠረዥ እጅግ ዝቅ ብላ የምትገኘው ዛምቢያ ፉርት ከተማ ላይ ጀርመንን 3 ለ 2 አሸነፈች። ጀርመኖቹ ከ2 ለ 0 ተነሥተው በባከነ ሰዓት አቻ ከሆኑ በኋላ ባርብራ ባንዳ በዚያው በባከነ ሰዓት ሦስተኛውን አስቆጠረች። ቀጥሎ አውስትራሊያ ላይ ሞሮኮን 6 ለ 0 ሲረቱ ሁሉም ነገር የተረሳ መሰለ። ከዚያ በኮሎምቢያ 2 ለ 1 ተሸነፉ፤ ከደቡብ ኮሪያ ጋር 1 ለ 1 ተለያዩ፤ በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜም ከዓለም ዋንጫ ምድብ ሳያልፉ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጉዱን ልብ ይበሉ፦ ጀርመን 8 ግብ አግብታ 3 ተቆጥሮባት ስትወድቅ፣ ሞሮኮ 2 ብቻ አግብታ 6 ተቆጥሮባት አለፈች።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ደጋፊው በሁለት ጎራ ተከፈለ። አንደኛው ጎራ ጥፋቱን በተከላካዮቹ ላይ ጫነ፤ ዘገምተኞች ናቸው፣ ከኋላቸው የሚሮጥ አጥቂ ሲያዩ ይደናገጣሉ አለ። ሁለተኛው ጎራ ደግሞ አሰልጣኟን ከሰሰ፤ ቀኝ ተከላካይዋ ጁሊያ ግቪን በጉልበት ጉዳት ከቡድኑ ውጭ ስትሆን፣ የክንፍ አጥቂ የሆነችውን ስቬንያ ሁትን ወደ ኋላ አምጥቶ ማሰለፍ ምን የሚሉት ብልሃት ነው ሲል ጠየቀ። አሰልጣኟ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከፌዴሬሽኑ ጋር ተለያየች።

ሁለቱም ጎራዎች የጨበጡት እውነት አለ። ሁለቱም ግን ግቧ መረብ ስትነካ ካሜራው ያሳያቸውን ሰው ይዘው ቀሩ። እኔ የምመክረው ቀላል ዘዴ ነው፦ ግብ በተቆጠረ ቁጥር ጨዋታውን አሥር ሰከንድ ወደ ኋላ መልሶ ማየት። አንዳንዴም አሥር ደቂቃ።

በዚህ ዘዴ እነዚያን ሦስት ግቦች እንያቸው። የኮሎምቢያዋ ሊንዳ ካይሴዶ በ52ኛው ደቂቃ ያገባችው የጥበብ ሥራ ነው፤ በሳጥኑ ውስጥ ሰው አልፋ ኳሷን ወደ ሩቁ ማዕዘን ጠምዝዛ ላከቻት። እንዲህ ላለው ግብ ጥፋተኛ መፈለግ ለአግቢዋ ክብር መንፈግ ነው። ሁለተኛው ግን ሌላ ነገር ነው። አሌክሳንድራ ፖፕ በ89ኛው ደቂቃ በፍፁም ቅጣት ምት አቻ አድርጋ ነበር። ከሰባት ደቂቃ ባከነ ሰዓት በኋላ ማኑዌላ ቫኔጋስ የማዕዘን ምት በጭንቅላቷ ገጭታ አገባች። ደጋፊው «ለምን አልያዟትም?» አለ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ አቻ የሆነ ቡድን ቀሪዎቹን ደቂቃዎች እንዴት ሊያሳልፋቸው አስቦ ነበር? ሒሳቡን እንሥራ። ሌሎቹ ውጤቶች እንዳሉ ሆነው ያ ጨዋታ አቻ ቢያልቅ ኖሮ ጀርመን በ5 ነጥብ ታልፍ፣ ኮሎምቢያ በ4 ትቀር ነበር። ያን ምሽት የጎደለው ነገር ኳስ የመያዝና ሰዓት የማሳለፍ ትዕግሥት ነው፤ ይህም የአሥራ አንዱም፣ የአሰልጣኟም ጉዳይ ነው። ሦስተኛው፣ የደቡብ ኮሪያዋ ቾ ሶ-ህዩን በ6ኛው ደቂቃ ከተከላካዮች ጀርባ ሾልካ ያገባችው ነው። የሚሰነጥቅ ኳስ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ አንዲት ተጫዋች አማካይ ስፍራ ላይ ቀና ብላ ለማየት ፋታ ስታገኝ የሚላክ ነው። በዚያም ላይ ከ6ኛው ደቂቃ ወዲህ የቀረው ጊዜ ሁለት ግብ ለማግባት ሳይበቃ የቀረው በተከላካዮች ጥፋት ነውን?

ይህ ሁሉ ተከላካዮቹን ነፃ ለማውጣት የቀረበ ጥብቅና ይመስል ይሆናል። አይደለም። ተከላካይ ይሳሳታል፤ ሲሳሳትም ስሙ ተጠርቶ ሊነገረው ይገባል። የማልቀበለው «መከላከል» የሚባለው ነገር ከግብ ጠባቂው ፊት የቆሙ የአራት ሰዎች ሥራ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ነው። መከላከል በመጀመሪያዋ አጥቂና በመጨረሻዋ ተከላካይ መካከል ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ ሲጠብ አራቱ ግንብ ይሆናሉ፤ ሲሰፋ ያው አራቱ ወንፊት ናቸው። ርቀቱን የሚለካው ደግሞ አሰልጣኙ ነው።

ለዚህ አባባሌ ከ2025ቱ የአውሮፓ ዋንጫ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። በክርስቲያን ቩክ የሚሠለጥነው የጀርመን ቡድን ስዊዘርላንድ ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ አምበሉን ጁሊያ ግቪንን በጉልበት ጉዳት አጣ። በቦታዋ የገባችው ወጣቷ ካርሎታ ቫምሰር ነበረች። በሦስተኛው ጨዋታ ዙሪክ ላይ ስዊድን 4 ለ 1 አሸነፈቻቸው። ይህ በአውሮፓ ዋንጫ ታሪካቸው ከደረሰባቸው ሽንፈት ሁሉ የከፋው ነው። ጀርመኖቹ ቀድመው አግብተው፣ መስመራቸውን ወደ ፊት ገፍተው ሲጫወቱ ስዊድኖቹ ከጀርባቸው የተተወውን ሰፊ ሜዳ ሮጡበት። ቫምሰርም ወደ ግብ የምትገባውን ኳስ በእጇ መልሳ በቀይ ካርድ ወጣች። ያኔ ክርክሩ እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ፦ ተከላካዮቹ አይረቡም፣ አሰልጣኙ ግትር ነው፣ ግብ ጠባቂዋ አን-ካትሪን በርገር በእግሯ የምትጫወተው ጨዋታ ልብ ያቆማል። የመጨረሻውንስ አሰልጣኙ ራሱ በአደባባይ አንሥቶት ነበር።

ከሳምንት በኋላ በሩብ ፍፃሜው ባዝል ላይ ከፈረንሳይ ጋር የሆነውን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ግቪን የለችም። ቫምሰር ታግዳለች። በ13ኛው ደቂቃ ካትሪን ሄንድሪሽ የግሪጅ ምቦክን ፀጉር በመጎተቷ በቀይ ካርድ ወጣች፤ በፍፁም ቅጣት ምቱም ፈረንሳይ መራች። ጥቂት ቆይቶ ሌላዋ ተከላካይ ሳራይ ሊንደር ተጎድታ ተቀየረች። በወረቀት ላይ ከታየ ስዊድን አራት ካገባችበት መስመር የባሰ የሳሳ መስመር ነው። ታዲያ ምን ሆነ? ስዮከ ንዩስከን አቻ አደረገች፤ ከዚያ አሥሩ ሰዎች እስከ 120ኛው ደቂቃ ድረስ ሌላ ግብ አላስገቡም፤ በፍፁም ቅጣት ምት 6 ለ 5 አሸነፉ። በርገር ሁለት መልሳ አንዷን ራሷ አገባች።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ተከላካዮቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ ችሎታ አልተማሩም። የተለወጠው ርቀቱ ነው፤ አጥቂዋ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ አማካይዋ ከተከላካዮቹ እግር ሥር አልራቀችም፣ ከጀርባ የሚሮጥበት ሜዳም ጠፋ። እርግጥ ይህ ያለ ዋጋ አይገኝም። ወደ ኋላ የተሰበሰበ ቡድን የሚያገባው ጥቂት ነው። በግማሽ ፍፃሜው ስፔንን እስከ 112ኛው ደቂቃ ድረስ በባዶ ይዘው ቆይተው ራሳቸውም ሳያገቡ ቀሩ፤ በ113ኛው አይታና ቦንማቲ ከጠባብ ማዕዘን ወደ ቅርቡ ቋሚ መትታ ሸኘቻቸው። የአሰልጣኝ ጥበብ እንግዲህ የትኛውን ዋጋ እንደሚከፍል መምረጥ ነው። ደጋፊውም አሰልጣኙን ሊሞግተው የሚገባው በዚህ ምርጫ ላይ ነው።

ብዙው ሙግት ግን ወዴት ሄደ? ወደ በርገር። ኳሷ በቅርቡ ቋሚ በኩል መግባት አልነበረባትም ተባለ፤ እርሷም ጥፋቱን ራሷ ተቀበለች። ቅዳሜ ዕለት የአገር ጀግና የነበረች ሴት ረቡዕ ዕለት ጥፋተኛ ሆና አደረች። ስሕተቷ እውነት ነው። ነገር ግን የ120 ደቂቃ ጨዋታ በአንድ ቅጽበት ላይ ሲመዘን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከሚሉት በምን ይለያል?

የመጨረሻዋን ሰው ብቻ የሚያይ ሂስ መጨረሻው አያምርም። በዚያው ውድድር የእንግሊዟ ተከላካይ ጄስ ካርተር በጨዋታዋ ላይ የተነሣው ነቀፋ ወደ ቆዳዋ ቀለም ወርዶ፣ ከውድድሩ መጀመሪያ አንሥቶ የዘር ስድብ ሲደርስባት መቆየቱን በይፋ ለመናገር ተገደደች። ሰውን ከሥራው ለይቶ ማየት ያልቻለ ሃያሲ ከስድብ የሚለየው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ካርተር በፍፃሜው ተሰልፋ ተጫወተች፤ እንግሊዝም ዋንጫውን ወሰደች።

«እንግዲያው ስለ ሴቶቹ ለዘብ አድርገን እንናገር» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ከዚህም ጋር አልስማማም። ለዘብታም የራሱ መጥፎ ታሪክ አለው። የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1955 ክለቦች ሴቶችን እንዳያጫውቱ ሲከለክል ለሴቶቹ አካልና ጨዋነት አዝኖ ነው የተባለው። በ1970 እገዳው ሲነሣም ጨዋታቸው ሁለት ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ እንዲሆን፣ ጥርስ ያለው ጫማ እንዳያደርጉ ተወሰነ፤ ይህም በርኅራኄ። በ1989 የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫቸውን ሲያነሡ ፌዴሬሽኑ የሸለማቸው የቡና ስኒና ማንቆርቆሪያ ነበር። ለቡና ያለንን ክብር የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው እንኳ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሽልማቱ «ደግ አደረጋችሁ፣ አሁን ወደ ቤታችሁ» ማለት ነው።

ለዚህ ነው የጀርመን ደጋፊዎች ጩኸት በመሠረቱ የሚያስደስተኝ። አንድ ቡድን «ሴቶች ናቸው፣ ምን ይደረግ» መባሉ ቀርቶ «መስመራችሁ ለምን ወደ ፊት ወጣ? ይህችን ልጅ ያለ ቦታዋ ማን አቆማት?» ተብሎ ሲጠየቅ ሥራው እንደ ሥራ ተቆጥሮለታል። የቀረው ጥያቄውን ወደ ትክክለኛው አድራሻ መላክ ነው።

ስለ እኛዎቹ ሉሲዎች ስንነጋገርም መለኪያው ይኸው ይሁን። ሲያሸንፉ በእልልታ፣ ሲሸነፉ በ«አይ ሴቶቹ!» የምናልፈው ከሆነ ከስኒው ሽልማት አልራቅንም። ግብ ሲቆጠርባቸው ከአግቢዋ ጀርባ የወደቀችውን ልጅ ትተን አማካይ ስፍራ ላይ ማን ለብቻዋ ቀና ብላ እንዳየች፣ ማንስ እንድታይ እንደተዋት እንጠይቅ። የመጨረሻዋን ተከላካይማ ሁሉም ሰው ያያታል፤ ለእርሷ ሃያሲ አያስፈልግም።